ማንም የማይጫወትለት አጋማሽ

«ይሄ አሰልጣኝ ምን ነክቶት ነው? አጋማሹን እኮ አሳልፎ ሰጠው!» አለ የእህቴ ልጅ ከሶፋው ብድግ ብሎ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤቴ ተቀምጠን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ እያየን ነበር። የሁለቱ ቡድኖች ስም ከዚያ ቀን በፊት ለሁለታችንም እንግዳ ነበር፤ ልጁም የአንዳቸውም ደጋፊ አይደለም። ያስጮኸው በስልኩ የገዛው ውል ነው፤ ከሁለቱ ቡድኖች አንዱ እየመራ ለእረፍት ከወጣ የሚከፍል ውል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ብዙ ጨዋታዎችን አብረን አይተናል፤ ያ ጩኸቱ ግን አልተወኝም። አንድ አሰልጣኝ አጋማሽን አሳልፎ ሰጠ የሚባለው መቼ ነው? ለመሆኑ አጋማሹን ሊያሸንፍ የተነሣ ሰው ሜዳው ላይ ነበረ?

ዋጋው ከፊሽካው ሲቀድም

የትንበያ ገበያ እንዴት እንደሚሠራ አብዛኛው አንባቢ ስለሚያውቅ ባጭሩ ልለፈው። የተባለው ነገር ከሆነ ውሉ አንድ ዶላር ይከፍላል፤ ካልሆነ ባዶ ነው። በመካከል የሚገበያይበት ዋጋ ገዢና ሻጭ ተሳስበው የደረሱበት ግምት ተደርጎ ይወሰዳል። ልጁ 50 ውሎችን በ62 ሳንቲም ሒሳብ በ31 ዶላር ገዝቷል፤ ስለዚህ ገበያው ያ ቡድን እየመራ ለእረፍት የመውጣት ዕድሉን 62 ከመቶ አድርጎታል ማለት ነው።

ልጁ 19 ዓመቱ ነው። በሜሪላንድ በስፖርት ለመወራረድ 21 ዓመት መሙላት ግድ ነው፤ እነዚህ ገበያዎች ግን የበቆሎና የነዳጅ የወደፊት ግብይትን በሚቆጣጠረው የፌደራል ኮሚሽን ሥር ነን ስለሚሉ 18 የሞላውን ሁሉ ይቀበላሉ። ይህን ባነሣሁበት ጊዜ «ጋሼ፣ ይሄ ቤቲንግ አይደለም፤ ግብይት ነው» ብሎኛል። አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ ከተከፈቱት የቤቲንግ ቤቶች ጋር እንዳልቆጥርበት ፈልጎ ይመስለኛል።

አጋማሹ ሊጠናቀቅ አራት ደቂቃ ያህል ሲቀር የልጁ ቡድን በሦስት ነጥብ ይመራ ነበር፤ የውሉም ዋጋ ወደ 71 ሳንቲም ወጥቷል። አሁኑኑ ሸጦ ትርፉን መያዝ ይችል እንደሆነ ስጠይቀው ስልኩን ወደ እኔ አዞረው፤ በዚያው ቅጽበት ቁጥሩ ከ71 ወደ 66፣ ወዲያው ደግሞ ወደ 58 ወረደ። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ምንም አልተፈጠረም፤ ተጋጣሚው ቡድን ኳስ ይቀባበላል፣ የእኛው ዋና ተጫዋች ቦታውን ይዞ ይከላከላል። «የሆነ ነገር ተፈጥሯል» አለ ልጁ። ሌሎች ሰዎች አይተው የጨረሱትን፣ ለእኛ ግን ገና ያልደረሰንን ነገር ለማየት ሁለታችንም ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጥን። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ፊሽካው ተነፋ። ዋናው ተጫዋች ሁለተኛ ፋውሉን ሠርቷል፤ አሰልጣኙም ሳያመነታ አስወጥቶ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ልጁ የጮኸው ይህን ጊዜ ነው።

በኢንተርኔት የሚተላለፍ ጨዋታ ከሜዳው ጥቂት እንደሚዘገይ የታወቀ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ወይም ፈጣን የመረጃ መስመር ያለው ድርጅት እኛን ቢቀድም አይገርምም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። አንድ ፋውል በራሱ ነጥብ አያስቀንስም፤ ቡድኑ አሁንም በሦስት ይመራ ነበር። ሆኖም ዋጋው ተጫዋቹ ገና ከሜዳ ሳይወጣ ወደቀ፤ ምክንያቱም አሰልጣኙ ቀጥሎ የሚያደርገውን ሻጮቹ ያውቁታል። አሰልጣኙ ይህን አጋማሽ ለማዳን ሲል ዋና ተጫዋቹን ለሦስተኛ ፋውል እንደማያጋልጥ ለእነርሱ ግልጽ ነበር። ገበያው የገመተው የጨዋታውን ችሎታ ብቻ አይደለም፤ አሰልጣኙ ለአጋማሹ ግድ እንደሌለውም ጨምሮ ነው።

ቀሪውን በፍጥነት ልናገረው። ተጋጣሚው ቡድን በአንድ ነጥብ መርቶ ለእረፍት ወጣ፤ የልጁ 50 ውሎችም ባዶ ሆኑ። ከእረፍት መልስ ዋናው ተጫዋች ተመልሶ ገባ፤ ቡድኑ ማንንም በማያሠጋ ልዩነት አሸነፈ፤ አሰልጣኙም ፈገግ ብሎ የተጋጣሚውን አሰልጣኝ ጨበጠ። ያ ሰው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል።

አሰልጣኙ የሚቆጥረው አርባ ደቂቃ ነው

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ጉዳዩን ከአጋማሹ ምንነት እንጀምር። የወንዶች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ከ1954–55 የውድድር ዘመን ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሁለት የ20 ደቂቃ አጋማሾች ይካሄዳል። ሴቶቹ በ2015–16 ወደ አራት የ10 ደቂቃ ክፍሎች ተሸጋግረዋል፤ ወንዶቹ ግን በአጋማሽ ጸንተዋል። እረፍት ተጫዋቹ ውሃ የሚጠጣበት፣ አሰልጣኙም የሚቆጣበት ጊዜ ነው። በእረፍት ሰዓት ለመራ ቡድን በደረጃ ሰንጠረዥ የሚጨመርለት የለም፤ በመጋቢት ወር የሚጀመረውን ትልቁን የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር) ውድድር የሚደለድለው ኮሚቴም ቡድኖችን የሚመዝነው በአጋማሽ መሪነት አይደለም። አጋማሹ በራሱ ምንም የማይከፍል በመሆኑ ለራሱ ሲል የሚጫወትለት የለም።

አሰልጣኞችም በዚሁ ስሌት ይሠራሉ። በኮሌጅ ጨዋታ አንድ ተጫዋች በአምስተኛ ፋውሉ ከሜዳ ይወገዳል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ፋውል ያለበትን ተጫዋች እስከ እረፍት ማስቀመጥ የብዙ አሰልጣኞች ልማድ ነው። ልማዱ ከሚገባው በላይ ጥንቁቅ ነው ብለው የሚተቹ አሉ፤ እኔም በከፊል እስማማለሁ፤ ተጫዋቹን በመጨረሻ እንዳያጡት ብሎ ገና በመጀመሪያው ራስን ማሳጣት ይሆናልና። ዓላማው ግን ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው አጋማሽ ለሁለተኛው ይሰዋል። ተቀያሪዎችን መሞከር፣ የመከላከል ስልትን ለኋላ መደበቅ፣ የደከመን ተጫዋች ማሳረፍ፣ ሁሉም የሚደረገው በዚሁ አጋማሽ ነው።

ተጫዋቾቹም ቢሆኑ ከዚህ የራቁ አይደሉም። በኤንቢኤ ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ ከራሳቸው ሜዳ መወርወር የሚገባቸው ተጫዋቾች የግል የማስቆጠር መቶኛቸው እንዳይበላሽ ሲሉ ሆን ብለው ሰዓቱ እስኪያልቅ ይዘገዩ ነበር። ሊጉ ከ2025–26 ጀምሮ እንዲህ ያሉ የሳቱ ሙከራዎች በተጫዋቹ ሳይሆን በቡድኑ ስም እንዲመዘገቡ ያደረገው ለዚህ ነው። ደንብ ያስቀየረ ልማድ ትንሽ ልማድ አይደለም፤ የክፍለ ጊዜ ማብቂያ ነጥብ ተጫዋቹን ምን ያህል እንደሚያሳስበው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ያለ አይመስለኝም።

የእረፍት ውጤት ስለ ጨዋታው የሚናገረው ነገር ቢኖርም ብዙ ጊዜ ሳይጨርስ ያቆማል። በ2022 የፍጻሜ ጨዋታ ኖርዝ ካሮላይና ካንሳስን 40 ለ25 መርታ ለእረፍት ወጣች፤ ካንሳስ ግን 72 ለ69 አሸነፈች። ሚያዝያ 7 ቀን 2025 ሳን አንቶኒዮ ላይ ሂውስተን ፍሎሪዳን 31 ለ28 መርታ ስትወጣ፣ የፍሎሪዳው ኮከብ ዋልተር ክሌይተን ጁኒየር እስከ እረፍት አንዲት ነጥብ እንኳ አላስቆጠረም ነበር። ፍሎሪዳ ከእረፍት መልስ በ12 ነጥብ እስከ መመራት ደርሳ 65 ለ63 ዋንጫውን ወሰደች፤ ሂውስተን የመጨረሻውን ኳስ ሳትወረውር ሰዓቱ ያለቀባትም በዚያው በክሌይተን መከላከል ነው። በእረፍት ሰዓት የሂውስተንን ውል የያዘ ሰው ገንዘቡን ተቀብሏል። ያ ገንዘብ ስለየትኛው እውነት የተከፈለ እንደሆነ ግን እስካሁን አልገባኝም።

የማን ዕውቀት ተሰበሰበ?

የትንበያ ገበያ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ትልቁ መከራከሪያ ዋጋ በየሰዉ ኪስ የተበተነ ዕውቀትን ይሰበስባል የሚል ነው። ይህን አልክድም። የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን በ1988 በፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ላይ ትንሽ ገበያ ሲከፍቱ የፈተኑት ይህንኑ ሐሳብ ነበር፤ ምርጫን አስቀድሞ መገመት ለነጋዴውም፣ ለመንግሥት ሠራተኛውም፣ ለስደተኛውም ይጠቅማል። የዝናብ፣ የወለድ መጠን፣ የበቆሎ ዋጋ ግምትም እንዲሁ። የሁለት ትናንሽ ኮሌጆች የእረፍት ውጤት ግምት ግን ውል ከገዛው ሰው ሌላ የሚጠቅመው ሰው ባስብ ባስብ አልመጣልኝም። ገበያው ራሱ ሥጋቱን ይፈጥራል፣ ከዚያም ራሱ ይሸጠዋል፤ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሉታል የእኛ ሰዎች።

ደግሞም የሚሸጠው ሥጋት የበለጠ በዕድል የሚወሰነው ነው። ጨዋታ ባጠረ ቁጥር ደካማው ቡድን የመምራት ዕድሉ ይሰፋል፤ ጠንካራው ቡድን በ40 ደቂቃ የሚያሳየውን ብልጫ በ20 ደቂቃ ላያሳይ ይችላል። በግዛታችን ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የባልቲሞር ካውንቲ ቡድን መጋቢት 16 ቀን 2018 በወንዶች ውድድር ታሪክ አንደኛ ደረጃ የተሰጠውን ቡድን ያሸነፈ የመጀመሪያው 16ኛ፣ ማለትም የመጨረሻ ደረጃ የተሰጠው፣ ቡድን ሆነ፤ ቨርጂኒያን 74 ለ54 አሸነፈ። እረፍት ላይ ግን 21 ለ21 ነበሩ። የታሪክ ድንቅ የተባለው ሁሉ፣ 53 ለ33 የሆነው ሁለተኛው አጋማሽ፣ ከአቻው በኋላ ነው የመጣው። በዛሬው የአጋማሽ ገበያ ቢሆን ኖሮ ቨርጂኒያን የገዛም፣ ባልቲሞር ካውንቲን የገዛም እኩል ከስሮ «አቻ» የሚለውን የገዛው ብቻ ይከፈለው ነበር።

የእረፍት ሰዓትን በሚመለከት እጅግ የታወቀው ጥናት የጆና በርገር እና የዴቪን ፖፕ ነው። በ2011 ባሳተሙት ሥራ ከ18,000 በላይ የኤንቢኤና ከ45,000 በላይ የኮሌጅ ጨዋታዎችን መርምረው፣ በእረፍት ሰዓት በጥቂት ነጥብ የተመራ ቡድን እልህ ይዞት ከሚጠበቀው በላይ እንደሚያሸንፍ ጻፉ። ወሬው በአሰልጣኞችም በተወራራጆችም ዘንድ ተሰራጨ፤ በአንድ ነጥብ የተመራውን ግዛ የሚል ስልትም ወጣለት። ከዓመታት በኋላ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ጉዳዩን በአራት ስፖርቶች ሲፈትሹት ግን ለዚህ የሚሆን አጥጋቢ ማስረጃ አላገኙም። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን ጥናት ያውቃል፤ ሁለተኛውን ከእኔ ነው የሰማው። ገበያ ዕውቀትን ይሰበስባል ሲባል ጊዜው ያለፈበትን ዕውቀትም አብሮ እንደሚሰበስብ መዘንጋት የለበትም።

ገበያው የሚወስደውን ክፍያም አብረን አሰላን፤ እኔ በሙያዬ የሒሳብ መዝገብ ያዥ ስለሆንኩ ይህን ሳላደርግ ማለፍ አልችልም። ከትልልቆቹ ገበያዎች አንዱ የሆነው ካልሺ ባሳተመው መደበኛ ቀመር መሠረት ክፍያው ሰባት መቶኛ በዋጋው፣ እርሱም ዋጋው ለአንድ ዶላር በሚጎድለው መጠን ተባዝቶ ይገኛል። በ62 ሳንቲም ለሚገዙ 50 ውሎች 83 ሳንቲም ይደርሳል፤ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ኪሳራ ላለማየት ብቻ ቡድኑ ከ100 ጊዜ 64 ጊዜ ያህል መምራት አለበት። ቀመሩ ከፍተኛ የሚሆነው ዋጋው 50 ሳንቲም ሲደርስ ነው፤ የአጋማሽ ውሎች ደግሞ ከላይ ባልኩት ምክንያት ከሙሉ ጨዋታ ውሎች ይልቅ ወደ 50 ይጠጋሉ። በሌላኛው ወገን የሚሸጠው ማን እንደሆነም ማሰብ ይገባል። ከ2024 ጀምሮ እንደ ሰስኩዌሃና ያሉ ግዙፍ የዎል ስትሪት ተገበያዮች በካልሺ ላይ ዋጋ አቅራቢ ሆነው ገብተዋል። የ19 ዓመቱ ልጅ ከሶፋ ላይ ሆኖ በዘገየ ሥርጭት ከእነዚህ ጋር ነው የሚገበያየው።

አጋማሹ የሚመቸው ሰው

ማንም የማይጫወትለት ነገር ለማበላሸት ይቀላል። ነገሩ ከዚህ በኋላ ለእኔ የልጁ 31 ዶላር ጉዳይ መሆኑ ቀረ።

በጥር 2026 የፊላደልፊያ የፌደራል ዐቃቤ ሕግ በ26 ሰዎች ላይ ክስ መሠረተ። ክሱ ከ17 በላይ ቡድኖች ውስጥ ያሉ ከ39 በላይ የኮሌጅ ተጫዋቾች ገንዘብ ተቀብለው የጨዋታን የነጥብ ልዩነት ለማዛባት ተስማምተዋል ይላል፤ ለአንድ ጨዋታ ይሰጥ ነበር የተባለው ጉቦ ብዙውን ጊዜ ከ10,000 እስከ 30,000 ዶላር ነው። የውርርዱ ገንዘብ የተቀመጠው በትንበያ ገበያዎች ሳይሆን በተለመዱት የስፖርት ውርርድ ድርጅቶች መሆኑን ለፍትሕ ሲባል መናገር አለብኝ። ክሱን ሳነብ ዐይኔ ያረፈው ግን በአንድ ነገር ላይ ነው። ከተጠቀሱት ጨዋታዎች በአንዳንዶቹ ዒላማው የመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ነበር።

ለምን አጋማሽ? የልጁን አሰልጣኝ ካሰብኩ በኋላ መልሱ አላስቸገረኝም። ሙሉ ጨዋታ እንዲሸነፍ የሚጠየቅ ተጫዋች ጓደኞቹን፣ አሰልጣኙን፣ የዓመቱን ልፋት እንዲከዳ ነው የሚጠየቀው፤ ብዙው ሰው ይህን እሺ አይልም። «እስከ እረፍት ብቻ ቀዝቀዝ በል፣ ከዚያ እንደፈለግህ ተጫወት፣ ቡድንህም ያሸንፍ» የሚል ጥያቄ ግን ኅሊናን ቀስ ብሎ ያባብላል። ማንንም የጎዳ አይመስልም፤ ከጨዋታው በኋላ በመልበሻ ክፍል ቢጨፈር እንኳ የሚቃረን ነገር የለም። ሁለት ኳስ የሳተ፣ አንድ ጊዜ የዘገየ፣ ቶሎ ሁለት ፋውል የሠራ ተጫዋች ደግሞ በየጨዋታው አለ። እኔ ባየሁት ጨዋታ ላይ ጥርጣሬ እየጣልኩ አይደለም። ያ ዓይነት ድርጊት እንዲህ ካለው ሥራ ተለይቶ እንደማይታይ ግን ማመን አለብኝ።

የቅርጫት ኳስ ከዚህ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። በ1950 ሁለቱንም ታላላቅ ውድድሮች ያሸነፈው የኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ቡድን ተጫዋቾች በ1951 ነጥብ በማዛባት ወንጀል ታስረዋል። በዚያ ዘመን ብልሃቱ ማሸነፍን ሳይተዉ ልዩነቱን ማጥበብ ነበር፤ የዛሬው ዒላማውን ወደ 20 ደቂቃ አጠበበው።

ሕጉ የሚከራከረው በሌላ ነጥብ ላይ ነው። የፌደራሉ ሕግ አንድን ክስተት በኮሚሽኑ ሥር ላለ ውል ብቁ የሚያደርገው የገንዘብ፣ የኢኮኖሚ ወይም የንግድ ውጤት ሊያስከትል የሚችል ሲሆን ነው። በሚያዝያ 2025 የኒው ጀርሲ የፌደራል ዳኛ ግዛቱ ካልሺን እንዳያስቆም ጊዜያዊ እግድ ሰጠ፤ በነሐሴ እዚሁ ሜሪላንድ ያለው ዳኛ ተመሳሳዩን ጥያቄ ውድቅ አደረገ፤ ሁለቱም ይግባኝ ተባለባቸው። በሙሉ ጨዋታ ላይ ክርክሩ ሊያስኬድ ይችላል፤ የዋንጫ ጨዋታ የሆቴልን፣ የማስታወቂያን፣ የምግብ ቤትን ገቢ ይለውጣል። ሂውስተን በ31 ለ28 መምራቷ ግን የትኛውን ሆቴል ምን አደረገው? በ2026 መጀመሪያ የኤንሲኤኤው ፕሬዚዳንት ቻርሊ ቤከር በኮሌጅ ስፖርት ላይ የሚካሄደው የትንበያ ግብይት ጥበቃው እስኪጠናከር እንዲቆም ኮሚሽኑን ጠይቀዋል። እኔን ቢጠይቁኝ ሙሉውን ጨዋታ ለጊዜው ትቼ የአጋማሹን ውል በቅድሚያ አስቆም ነበር።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ በቡና ሰዓት ዘርዝሬ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝና አንድ ጥሩ መልስ ሰጠኝ፤ «ጋሼ፣ አሰልጣኙ ለአጋማሹ ግድ እንደሌለው እኮ ዋጋው ውስጥ ገብቷል፤ ራስዎ ነዎት ቀድሞ ወደቀ ያሉት። ስለዚህ ገበያው አልተታለለም።» እውነቱን ነው፤ ገበያው ያላወቀው ነገር አልነበረም። የእኔ ጥያቄ ግን የተጫዋቹስ ቅዝቃዜ ዋጋው ውስጥ የሚገባው በማን በኩል ነው የሚል ነበር፤ ያን ዕውቀት ወደ ገበያው ይዞ የሚመጣው ሰው ጉቦ የሰጠው ሰው ነውና። ለዚህ ወዲያው መልስ አልነበረውም።

አሁን የአጋማሽ ውል መግዛት ትቷል። ክርክሬ አሳምኖት ግን አይደለም፤ በትናንሽ ኮሌጆች የአጋማሽ ገበያ ገዢ የሚሰጠውና ሻጭ የሚጠይቀው ዋጋ በጣም ስለሚራራቅ ነው ይላል። ሙሉ ጨዋታውን ግን አሁንም ይገዛል፤ እናቱ ይህን ታውቅ እንደሆነ ስጠይቀው «ግብይት እንደሆነ ነግሬያታለሁ» አለኝ።